የብረት ቅርጹ ግቢ ውስጥ ለምን ባዶ መሰለ?

የብረት ቅርጽህን ላሳድገው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አታሳድገው፤ ቦታውን ቀይር። ወርክሾፕ ውስጥ ያምር የነበረው የታጠፈ ላሜራ ግቢ መሃል ሲቆም «ባዶ ሆነብኝ» ያልከው፣ ሰው ከበሩ ላይ ሆኖ በአንድ እይታ ስለሚጨርሰው ነው። ካየው በኋላ ለምን ይቅረብ?

ከመሃል አውጣውና ሰው የሚያልፍበት መንገድ አጠገብ አቁመው። መጀመሪያ ጠርዙ ይታይ፤ ስፋቱ የሚገለጠው ሰውየው ሲራመድ ይሁን። ማቆሚያ መደቡንም አንሳ። ብረቱና ተመልካቹ አንድ መሬት ላይ ሲቆሙ ሰው ቁመቱን ከራሱ ጋር ማመዛዘን ይጀምራል። ያን ከባድ ነገር ከመጎተትህ በፊት ግን በልኩ ከካርቶን ሠርተህ ዙረው። ወገብህን ታተርፋለህ።

መጠኑን በተመለከተ፣ አሜሪካዊው ቀራጺ ቶኒ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1962 «ዳይ» የተባለውን የብረት ኩብ ሲያሠራ ጎኑን 183 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የሰው ቁመት ያህል አደረገው። ሐውልትም ተራ ዕቃም እንዲሆን አልፈለገም። ሌላው አሜሪካዊ ቀራጺ ሪቻርድ ሴራ ስፔን ውስጥ ባለው የቢልባኦ ጉገንሃይም ሙዚየም ያቆማቸው ብረቶች ግዙፍ ናቸው፤ ለእኔ ግን ሥራው ያለው በመሃላቸው ስትሄድ በሚጠብና በሚሰፋው መንገድ ላይ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ብረትህ ኮርተን፣ ማለትም የራሱ ዝገት መከላከያ ሽፋን የሚሆንለት ብረት ከሆነ፣ ዝገቱ እስኪረጋ ድረስ ዝናብ በመታው ቁጥር ቡናማ ውሃ ያወርዳል። ነጣ ያለ ድንጋይ ላይ ያረፈ እድፍ ደግሞ፣ ፍቄ አይቻለሁ፣ በቀላሉ አይለቅም። ስሩን ጠጠር አድርግ። ውሃም አይቋጠርበት፤ ሁሌ እርጥብ ከሆነ መከላከያ ሽፋኑ በደንብ አይሠራም፣ ብረቱም እየተበላ ይሄዳል።