ጋዝ መስኮት አያውቅም፦ ከደብረ ብርሃን ጥያቄና መልስ

የጋዝ ምድጃ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ መዓት መጣ። ለማታውቁኝ፦ ዓመታት መርከብ ላይ በመካኒክነት ሠርቻለሁ። ወደብ ስንቆም ደግሞ የትንንሽ ጀልባዎችን የጋዝ መስመር እጠግን ነበር። አሁን እዚሁ ደብረ ብርሃን ምድጃ እጠግናለሁ።

ከጠባሴ፦ ጋሼ፣ ሌባ ፈርቼ ሲሊንደሩን ማታ ማታ ቤት አስገባዋለሁ። መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ነው የምተኛው። ይበቃል?

አይበቃም ወንድሜ። መስኮቱ ያለው ደረትህ ጋ ነው፤ ያመለጠው ጋዝ ያለው እግርህ ስር። ሲሊንደሩ ውስጥ ያሉት ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ጋዞች ናቸው፦ ፕሮፔን ከአየር 1.5 እጥፍ ይከብዳል፤ ቡቴን 2 እጥፍ ገደማ። ሲያመልጥ እንደ ውሃ ወለሉን ይዞ ይሄድና ጥግ ላይ ይተኛል። ከአየሩ 2 በመቶ ገደማ ከደረሰ አንዲት የእሳት ብልጭታ ትበቃዋለች።

እኔ ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው የበሩን ስር ነው። ጥቅምት ሲገባ ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ። አሮጌ ጋቢ ይጠቀለልና የበሩ ስር ይወተፋል። ብርዱን የሚከለክለው ጋቢ ጋዙንም እንዳይወጣ ይከለክለዋል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ውጭ ይደር። በብረት ፍርግርግ አሠርተህ ቆልፈው፤ ታቹ ግን ክፍት ይሁን።

ተማሪ ነኝ፦ የሸራ ጀልባ ላይም በጋዝ ያበስላሉ አሉ። እዚያስ ጋዙ በየት ይወጣል?

ይህቺን ጥያቄ ወደድኳት። ጀልባ ማለት ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ የተሠራ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ውሃ የማያስገባ ደግሞ ጋዝ አያስወጣም። ያመለጠው ሁሉ ወርዶ ሆዱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሞተሩና ባትሪው ያሉትም እዚያው ነው። ሰውየው ጠዋት ቡና ሊያፈላ ክብሪት ይጭራል፤ ወይም ሞተር ያስነሳል።

ስለዚህ ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመኖሪያው ተለይቶ በተሠራ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሳጥኑ ወደ ውስጥ ምንም ቀዳዳ የለውም። ክዳኑ ከላይ ነው የሚከፈተው። ከታቹ ቱቦ ወጥቶ ከውሃው ከፍታ በላይ ወደ ውጭ ያፈስሳል፤ ጫፉም ጋዙ ተመልሶ እንዳይገባ ከማንኛውም የጀልባው መግቢያ ቢያንስ 50 ሳንቲሜትር ይርቃል። ያመለጠ ጋዝ የሚያሸትተውን መሣሪያም ታች፣ ወለሉ አጠገብ ነው የሚያስሩት።

አንድ ጊዜ ሽታ አለ ተብዬ ተጠራሁ። የሳጥኑን ክዳን ስከፍት ሲሊንደሩ አይታይም። ገመድ፣ ስፖንጅ፣ አንድ እግር ጫማ ሞልቶታል። ሁሉንም አወጣሁና ታቹን በጣቴ ፈለግኩ። የመውጫው ቀዳዳ በረጠበ ጨርቅ ተወትፏል። የኛ ጋቢ ባህር ማዶም አለች ብዬ ሳቅኩ።

አንድ ልማዳቸውን ብንቀዳ ደስ ይለኛል፦ አብስለው ሲጨርሱ መጀመሪያ የሚዘጉት ሲሊንደሩን ነው፤ ምድጃውን እሳቱ ራሱ ሲሞት ያጠፉታል። ጎማው ውስጥ ጋዝ አያድርም።

ከመሐል ሜዳ፦ በውርጭ ጠዋት እሳቱ ይደክምብኛል። ሲሊንደሩን ባና አልብሼዋለሁ፣ ለውጥ የለም።

እንዲያውም ብሶበታል እህቴ። ባና የሚያሞቀው የራሱ ሙቀት ያለውን ነው፤ ሰውን፣ በግን። ሲሊንደር ሙቀት የለውም። ፈሳሹ ወደ ጋዝ ለመለወጥ ከዙሪያው አየር ሙቀት ይስባል፤ አንቺ ሸፍነሽ ከለከልሽው። ቡቴን 0 ዲግሪ አካባቢ መትነን ይለግማል፤ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ከዜሮ በታች ይሠራል። የሲሊንደርሽ ቅልቅል ቡቴን ከበዛበት ጠዋት መለገሙ አይቀርም። ባናውን ግፈፊውና ፀሐይ ወጣ እስኪል ታገሺ። ከሰል አጠገቡ ማስቀመጥ፣ ትኩስ ውሃ ማፍሰስ የሚባል ነገር እንዳልሰማ።

ከሸዋ ሮቢት፦ እኛ ጋ ደግሞ ሙቀት ነው። ባጃጅ ላይ አጋድሜ ባመጣውስ?

ጥላ ስር አስቀምጠው። ሲሊንደር እስከ አፉ የማይሞላው፣ ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚያብጥ መተንፈሻ ቦታ እንዲኖረው ነው። ማጋደም ግን ተው፤ በጋዝ ፈንታ ፈሳሽ በአፉ ይወጣል። 1 ሊትር ፈሳሽ ሲተን ከ200 ሊትር በላይ ጋዝ ነው።

አሁን ቢሸተኝ ምን ላድርግ?

መብራት አታብሪ፤ የበራውንም አታጥፊ። ማብሪያ ማጥፊያው ራሱ ብልጭታ አለው። ሲሊንደሩን ዝጊ፣ በሩን ወለል አድርጊና ውጪ። ስልክ ከውጭ። ሲረጋጋ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሺ፤ የሚያፈስሰው ይኩረፈረፋል። በክብሪት የሚፈትሹ አይቻለሁ፤ እንዴት እስከዛሬ እንደኖሩ እንጃ።

ታዲያ ከሰል አይሻልም?

ከሰል ሌላ ጣጣ አለው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ወደ ታችም አይወርድም፣ ከክፍሉ አየር ጋር ተቀላቅሎ ይቆያል። ከሰል አንድዶ ዘግቶ መተኛት ያው ሞት ነው። የጋዝ ምድጃም ታፍኖ ሲነድ ይህንኑ ያወጣል፤ እሳቱ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ካደላ ምልክቱ ያ ነው። ምድጃውን ለቤት ማሞቂያ አትጠቀሙበት።

ጋዙ ቶሎ ያልቅብናል። ባቄላ አልበስል እያለ ነው።

ጋዙ ከሲሊንደሩ ተሰርቆ አይደለም። እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ባቄላው ይዘገያል። ከማታው ዘፍዝፉት፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱ። ሽሮው ላይ ግን ክዳን አትግጠሙ፤ ገንፍሎ እሳቱን ካጠፋው ጋዙ ሳይነድ ወደ ወለል ይወርዳል።