ቼዝ እጅን ይጎዳል ወይ ብለው ለጠየቁን አባል

ሁለትና ሦስት ሰዓት ቼዝ ከተጫወቱ በኋላ የቀለበት ጣትዎና ትንሿ ጣትዎ እንደሚደነዝዙ ጽፈው፣ «ይህ ከቼዝ ሊመጣ ይችላል ወይ?» ብለዋል። ይመጣል። እኔም አገጬን በመዳፌ ደግፌ፣ ክርኔን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተክዬ አራት ሰዓት የምቀመጥ ሰው ስለነበርኩ፣ የእርስዎ ነገር ከእኔ የተለየ አይመስለኝም።

አንደኛ፣ ክርንዎን ወጌሻ ዘንድ ሄደው አያሳሹ። «ጅማት ዞሮብሃል» ተብዬ ሦስት ቀን በቅቤ ታሸሁ፤ በሦስተኛው ሌሊት ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ይዞኝ ቁጭ ብዬ አነጋሁ። የታሸው ለካ ጅማት ሳይሆን በክርን ውስጠኛ አጥንት ጀርባ፣ ከቆዳ ሥር የሚያልፈው ነርቭ ኖሯል። ክርን ሲታጠፍ ይወጠራል፤ ሲደገፉበት ደግሞ ይጫናል።

ሁለተኛ፣ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ቼዝ መጫወትዎን ሳያፍሩ ይናገሩ። እኔ የሄድኩበት ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ «ቼዝ ነው የሰበረህ?» ብላ ስለሳቀችብኝ፣ ሐኪሙን «እንዲሁ ነው የጀመረኝ» አልኩት። በዚያች ቃል የተነሳ የአንገት ራጅ ተነሣሁ፣ ለልብ ምርመራ ከፈልኩ፣ ወር ተኩልም በከንቱ አለፈ። የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን የነበረው ካርፖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ጀምሮ በ1985 ከተቋረጠው የ48 ጨዋታ ፍልሚያ አሥር ኪሎ ያህል ከስቶ መውጣቱን ለዚያች ሴት ሳልነግራት መመለሴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። (እ.ኤ.አ. በ2022 ሞስኮ ላይ የቼዝ ሮቦት የሰባት ዓመት ልጅ ጣት መስበሩንም ብትሰማ ሳቋን ትሰበስብ ነበር።)

በዚያው ሰሞን በውድድር ላይ ፈረሴን ላነሳ ስል የደነዘዙት ጣቶቼ አጠገቡ ያሉትን ሁለት ወታደሮች ጣሏቸው፤ ደንቡ የጣልከውን በራስህ የማሰቢያ ሰዓት መልሰህ አቁም ይላልና፣ ስለቅም ሰዓቴ አለቀ፤ እያሸነፍኩ ተሸነፍኩ።

በመጨረሻ ያገኘሁት ፊዚዮቴራፒስት «ስታስብ እንዴት ነው የምትቀመጠው?» አለኝ። ወንበር ስቤ ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ሳኖር፣ «በቃ፣ ገባኝ» ብሎ አስቆመኝ። ማታ ክርኔ እንዳይታጠፍ ፎጣ ጠቅልዬበት እንድተኛ፣ ስጫወትም እጆቼን ጭኔ ላይ እንዳሳርፍ አዘዘኝ። በሦስት ወር ስሜቱ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ውድድር ክርኔን ተክዬ አልተጫወትኩም፣ ባለፈው ዓመትም በመሥሪያ ቤታችን ውድድር ሁለተኛ ወጥቻለሁ።

ነገር ግን ዕቃ ከእጅዎ መውደቅ ከጀመረ፣ ወይም በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ መካከል ያለው ሥጋ ከሳሳ፣ ፎጣውን ሳይሞክሩ በቀጥታ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።