የኤፒኢ ፋይሎችን በየትኛው ሶፍትዌር ላጫውት?

አንድ አንባቢ ከታላቅ ወንድማቸው በተረከቡት ሃርድ ዲስክ ውስጥ ከሲዲ የተገለበጡ ሠላሳ ያህል አልበሞች አግኝተዋል። እያንዳንዱ አልበም አንድ ትልቅ የኤፒኢ ፋይልና የትራኮቹን ስምና መነሻ ደቂቃ የሚይዝ ኪው የሚባል አንድ ትንሽ ፋይል ብቻ ነው። የላፕቶፓቸው ማጫወቻ አይከፍተውም፤ ሌላ ያወረዱት ማጫወቻ ቢከፍተውም ድምፁ ይቆራረጣል፤ የዘፈኖቹም ስም የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይታያል። «ከሁሉ የጠራ ድምፅ የሚሰጠኝ ሶፍትዌር የትኛው ነው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ከመጨረሻው ልጀምር። ኤፒኢ፣ ፍላክ፣ ዋቭፓክና የአፕሉ አላክ ጥራት ሳይቀነስ የታመቁ የድምፅ ፋይሎች ናቸው። በትክክል የሚፈታቸው፣ ማለትም ከታመቁበት ወደ ድምፅ የሚመልሳቸው ሶፍትዌር ሁሉ የሚያወጣው ውጤት አንድ ዓይነት ነው፤ ሲዲው ላይ የነበሩት በሰከንድ 44,100 ናሙናዎች (የድምፁ ልኬት ቁጥሮች)፣ እያንዳንዳቸው በ16 ቢት፣ አንድም ሳይጎድል ይመለሳሉ። ስለዚህ «ይህ ማጫወቻ ፍላክን ከዚያኛው አጥርቶ ይፈታል» የሚልዎት ሰው ቢኖር አይስሙት። በሁለት ማጫወቻዎች መካከል በእርግጥ ልዩነት ከሰሙ፣ ምክንያቱን ከመፍታቱ ውጭ ይፈልጉት፤ በአንዱ ላይ ኢኳላይዘር (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማመጣጠኛ) ተከፍቶ ይሆናል፣ ወይም የድምፅ መጠን ማስተካከያው እየሠራ ነው፣ ወይም ዊንዶውስ ናሙናውን በሰከንድ ወደ 48,000 እየቀየረው ነው። በብሉቱዝ የሚያዳምጡ ከሆነማ ድምፁ ወደ ጆሮዎ ከመድረሱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ጥራት በሚቀንስ መንገድ እንደገና ስለሚታመቅ፣ የማጫወቻው ምርጫ በድምፁ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

የሚመረጠው እንግዲህ በሌላ መስፈርት ነው፤ ኪውን አንብቦ አልበሙን በየትራኩ መለየት፣ የግዕዝ ፊደልን በትክክል ማሳየት፣ ፋይሉ አለመበላሸቱን መመርመርና ወደ ሌላ ዓይነት መቀየር መቻል አለበት። ቪኤልሲ ኤፒኢን ይከፍታል፣ አንድ ፋይል ቶሎ ለመስማትም ጥሩ ነው፤ በኪው ትራኮችን ለይቶ ለመሥራት ግን አይመችም። በዊንዶውስ ላይ ለእርስዎ ሥራ የምመክረው ፉባር 2000 የተባለውን ማጫወቻ ነው። መልኩ ደረቅ ነው፣ ሥራው ግን አስተማማኝ ነው። ኤፒኢን ለመፍታትና ፍላክ ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ተጨማሪ ክፍሎች ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ፤ ከየትም የተለቃቀሙ የኮዴክ (የድምፅ ማመቂያና መፍቻ) ጥቅሎችን አይጫኑ።

ድምፁ የሚቆራረጠው ከፋይሉ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ኤፒኢ ሲታመቅ የወሰደውን ያህል ድካም ሲፈታም ይጠይቃል፤ ወንድምዎ ቦታ ለመቆጠብ ከፍተኛውን የማመቂያ ደረጃ መርጠው ከሆነ፣ ደካማ ላፕቶፕ ከዘፈኑ ፍጥነት ጋር እኩል መፍታት ያቅተዋል። ፍላክ በዚህ ይለያል፤ በየትኛውም ደረጃ ቢታመቅ ለመፍታት ቀላል ነው፣ አንድሮይድ ስልኮችም ያለ ተጨማሪ ነገር ያጫውቱታል። አንድ የ74 ደቂቃ ሲዲ ሳይታመቅ 783 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ፍላክ ብዙውን ጊዜ ይህን ወደ ግማሽ አካባቢ ያወርደዋል። ስለዚህ ሠላሳውንም አልበም አንድ ጊዜ ወደ ፍላክ ቀይረው ቢገላገሉ ይሻላል። ደረጃ 5 ይበቃል፤ ደረጃ 8 ድምፁን አያሻሽልም፣ ጥቂት ቦታ ብቻ ይቆጥባል።

ከመቀየርዎ በፊት ግን ስሞቹን ያስተካክሉ። ኪው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፣ በኖትፓድ ይከፈታል። እዚያም የሚያዩት የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ፣ ፋይሉ መጀመሪያ ሲቀመጥ ፊደላችን በሌለበት የቆየ የአጻጻፍ ሥርዓት ተቀምጧልና እያንዳንዱ ፊደል በቋሚነት ጠፍቷል፤ የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም። ከሲዲው ሽፋን እያዩ እንደገና መጻፍና ሲያስቀምጡ የግዕዝንም ፊደል የሚይዘውን ዩቲኤፍ 8ን መምረጥ ብቻ ነው ያለው። ፍላክ የዘፈን መረጃ የሚይዘው በዚሁ ሥርዓት ስለሆነ ከዚያ በኋላ ችግር አይገጥምዎትም። ቀጥሎ ኪውን በፉባር ከፍተው ትራኮቹ ተለያይተው ሲታዩ ሁሉንም ይምረጡና ወደ ፍላክ ይቀይሩ።

ኤፒኢውን ወዲያው አያጥፉ። እኔ ከዓመታት በፊት ዲስኩ መሙላቱን ሳላይ ቀይሬ ዋናዎቹን አጠፋሁና፣ ሁለት የካሴት ቅጂዎች መጨረሻቸው ተቆርጦ አገኘኋቸው። ፉባር ባይነሪ ኮምፓሬተር የሚባል ተጨማሪ ክፍል አለው፤ የኤፒኢውንና የፍላኩን ትራክ አብረው መርጠው ሲያስነጻጽሩት ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ያመሳክራል። ልዩነት የለም ካለዎት ማጥፋት ይችላሉ።

ማነጻጸሪያው ግን ወንድምዎ የገለበጡት ሲዲ ራሱ ጥራት ቀንሶ ከሚያምቀው ኤምፒ 3 የተቀዳ መሆን አለመሆኑን አይነግርዎትም። ለዚያ አንዱን ትራክ ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማረሚያ ሶፍትዌር ከፍተው ስፔክትሮግራሙን (ወፍራምና ቀጭን ድምፆችን በየሰዓቱ የሚያሳየውን ሥዕል) ይመልከቱ፤ በ128 ኪሎቢት የታመቀ ኤምፒ 3 አብዛኛውን ጊዜ 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ በቢላዋ እንደተቆረጠ ያቆማል። ከአሮጌ ካሴት የተቀዳ ሲዲም በጣም ቀጭኑ ድምፅ ስለሚሳሳ እንዳያደናግርዎት፤ የካሴቱ እንደ ጭስ ቀስ እያለ ይጠፋል እንጂ ቀጥ ያለ መስመር አይሠራም።