ጥቅስ ውስጥ ያለውን አትንኩት

ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ኮድ መጻፍ የጀመራችሁ ልጆች ስታገኙኝ «ለልምምድ ምን ብንሠራ ይሻላል?» ትሉኛላችሁ። አብዛኞቻችሁ ያሰባችሁት የገበያ አፕ ወይም የታክሲ አፕ ነው። እኔ ግን የምትጽፉበትን ኤዲተር የሚያግዝ ትንሽ መሣሪያ ሥሩ እላለሁ። ረጅም ስትሪንግ (ኮድ ውስጥ በጥቅስ የተከበበ ጽሑፍ) በየመስመሩ የሚከፋፍል፣ የመረጣችሁትን ቃል በጥቅስ የሚከብብ፣ ነጠላ ጥቅስን ወደ ድርብ የሚቀይር።

ሙሉ ፎርማተር (ኮድን በወጥ መልክ የሚያስተካክል ፕሮግራም) ጻፉ አልወጣኝም። እሱማ ሞልቷል። ለጎ ቋንቋ ጎፈምት፣ ለጃቫስክሪፕት ፕሪቲየር፣ ለፓይተን ብላክ አለ። ጫኗቸውና ተገላገሉ። በታብና በስፔስ የሚጨቃጨቅ ጓደኛ ካላችሁም ዝም ይላል።

ትንሿ መሣሪያ ግን ታስተምራለች። ነጠላ ጥቅስን ወደ ድርብ መቀየር የአምስት ደቂቃ ሥራ ይመስላል። ፈልጎ መተካት፣ አለቀ። እስቲ ይህን ስጡት፦ 'እማማ "ግቡ" አሉን'። ውጪውን ወደ ድርብ ስትቀይሩት፣ «ግቡ» ጋ ሲደርስ ስትሪንጉ ሳያልቅ ይዘጋል። ፕሮግራሙ አይነሳም። ብላክ እንኳ ድርብ ጥቅስ ይወዳል እንጂ፣ ባክስላሽ (የውስጡ ጥቅስ ስትሪንጉን እንዳይዘጋው ከፊቱ የሚገባው \ ምልክት) የሚያበዛ ከሆነ ነጠላውን እንዳለ ይተወዋል። ጃቫስክሪፕት ላይ ደግሞ ሁለት ስላሽ የኮሜንት (ፕሮግራሙ የሚዘለው ማስታወሻ) መጀመሪያ ነው ብላችሁ ከዚያ በኋላ ያለውን ብታጠፉ፣ ስትሪንግ ውስጥ ያለ የድረ ገጽ አድራሻ ግማሹ ይበላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮዱን አንብቡት፤ የቱ ስትሪንግ፣ የቱ ኮሜንት እንደሆነ ለዩ። አብሽሩ፣ ለፓይተን ይህን የሚሠሩ ቶክናይዝና ኤኤስቲ የሚባሉ ሞጁሎች (ተዘጋጅተው የተቀመጡ ኮዶች) አብረውት ይመጣሉ። የኢንተርኔት ፓኬጅ ቢያልቅባችሁም ይሠራሉ። መሣሪያችሁ ሲጨርስም ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ያለውን ኤኤስቲ፣ ማለትም የኮዱን መዋቅር፣ አወዳድሩ። እኩል ካልሆነ ፋይሉ አይነካ። ብላክ ራሱ እንዲህ ያረጋግጣል።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ፤ ፈረንጆቹ ብዙም የማይጨነቁበት ጣጣ አለን። አራት ነጥብ ኪቦርዱ ላይ ሲጠፋቸው ሁለት ነጥብን ሁለቴ የሚመቱ ሰዎች አሉ። «፡፡» ይጽፋሉ። ቅን ልጅ መሣሪያውን «ይህን ባየህ ቁጥር ። አድርገው» ይለዋል። ያምራል! ግን አንድ ፕሮግራም የቆየ ጽሑፍን በዓረፍተ ነገር የሚከፍለው ስፕሊት በሚባለው ትእዛዝ ውስጥ "፡፡" ብሎ ቢሆንስ? ምልክቱን አስተካከላችሁለት፤ እሱ ጽሑፉን መክፈል አቃተው። ሐመሩን ሐ ወደ ሃሌታው ሀ መቀየርም ያው ነው። ስትሪንግ ውስጥ ያለው የሰው ስም ወይም የዳታ ቁልፍ ሊሆን ይችላል። ፊደል ማረም የሌላ መሣሪያ ሥራ ነው፤ እሱም ባለቤቱን አስፈቅዶ።

ረጅም ስትሪንግ ስትከፍሉም በባይት አትቁጠሩ። ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «አምባሰል» 5 ፊደል፣ 15 ባይት ነው። በባይት ከቆረጣችሁ ፊደሉ መሃሉ ላይ ይሰበርና ቆሻሻ ምልክት ይወጣል። በቃላት መካከል ቁረጡ፤ ክፍተቱንም ከአንዱ ቁራጭ ጋር አስቀሩት። ፓይተን ጎን ለጎን የቆሙ ስትሪንጎችን ያለ ክፍተት ነው የሚያጣብቃቸው።

ይህ ማጣበቅ ሌላም ጉድ አለው። አራቱን ቅኝቶች እንዲህ ጻፋችሁ እንበል፦ ["ትዝታ", "ባቲ" "አምባሰል", "አንቺሆዬ"]። ከባቲ ቀጥሎ ኮማ ተረስቷል። ፓይተን አያጉረመርምም። ዝርዝሩ ሦስት ይሆናል፤ «ባቲአምባሰል» የሚባል ቅኝት ይወለዳል። (የወሎ ሰው ሆናችሁ ይህን ካሳለፋችሁ እኔ የለሁበትም።) ፎርማተርም አይደርስበትም፣ ኮዱ ትክክለኛ ነውና። የኤኤስቲ ማወዳደሪያውም አያድነንም፤ ስህተቱ ቀድሞ ነበረ። መሣሪያችሁ ዝርዝር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ በቀለም ያሳየው፣ ያስጠንቅቅ። ኮማውን ግን ራሱ አያስገባ። ጸሐፊው ሆን ብሎ አድርጎት ይሆናላ።

የቀረውን ቶሎ ልበል። መሣሪያው ሁለቴ ሲሮጥ ውጤቱ ከመጀመሪያው አይለይ። የቀየረው ሁሉ በአንድ ምት ይመለስ፤ ሰው አሥር ጊዜ ኮንትሮል ዜድ አይምታ። ጠቋሚው የነበረበት ቃል ላይ ይቆይ። የሌላ ሰው ፕሮጀክት ላይ የነካችሁትን መስመር ብቻ አስተካክሉ። አለበለዚያ ሁለት መስመር የቀየራችሁበት ኮሚት (በአንድ ጊዜ የሚመዘገብ ለውጥ) ሁለት ሺህ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ማን ያነበዋል?

መብራት ደግሞ አለ፣ ታውቁታላችሁ። መሣሪያችሁ የድሮውን ፋይል ከፍቶ በላዩ ላይ የሚጽፍ ከሆነና መሃል ላይ መብራት ጥርግ ካለ፣ ዴስክቶፕ ላይ ያላችሁ ልጆች ባዶ ወይም የተቆረጠ ፋይል ልታገኙ ትችላላችሁ። አዲሱን እዚያው ፎልደር ውስጥ በጊዜያዊ ስም ጻፉት፣ ዲስክ ላይ መውረዱን አረጋግጡ፣ ከዚያ በአሮጌው ስም ተኩት። ፓይተን ላይ ሪፕሌስ የሚል ትእዛዝ ኦኤስ ሞጁል ውስጥ አለ። ከዚያ መብራት ቢሄድ ወይ አሮጌው ይተርፋል፣ ወይ አዲሱ።