መልስ፦ ሠራተኛዬ አብራን ለመብላት ለምን እምቢ አለች?

እህቴ፣ «ነይ ቅረቢ ስላት እንጀራዋን ይዛ ኩሽና ትገባለች፤ ምን አጠፋሁ?» ላልሽው፣ ምንም አላጠፋሽም። እኔም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። እንግዳ የሌለ ቀን ገበታ ይጠሩኛል፤ አማትየዋ ሲመጡ ግን በዓይን ያስነሱኛል። ከዚያ ወዲያ ራሴ ቀረሁ። ኩሽና ውስጥ ቢያንስ ጉርሻዬን የሚቆጥር የለም!

ገበታውን ተዪላት። ይልቅ የት ነው የምትተኛው? እኔ ፍራሼን ሳሎን የማነጥፈው ኳስ የሚያዩት ሲጨርሱ ነበር፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት። 11 ሰዓት ላይ ደግሞ የልጆቹ ምሳ ዕቃ ይጠብቀኛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እኮ አሠሪ አብራው ለምትኖር ሠራተኛ ማደሪያዋን፣ ምግቧንና የእረፍት ሰዓቷን ለጤናዋ በሚስማማ መንገድ እንዲያመቻች ያዛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የቤት ሠራተኛን ለሌላ ደንብ ትቷታል፤ ስለዚህ ብዙው ነገር ያለው በአንቺ እጅ ነው።

ደመወዟን ሳትጠይቅሽ በቀኑ ስጫት። እሁድ የራሷ ይሁን፤ የማታ ትምህርት ካማራት አትከልክያት። ለጎረቤት ስታወሪም «ልጅቷ» ሳይሆን በስሟ ጥሪያት። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስስ ነው፣ ትሰማሻለች።