ባክቴሪያ ነው ቫይረስ? ጠይቁኝ

ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ከናሙና ላይ ባክቴሪያ አሳድጎ መለየት፣ ካልቸር የሚባለው፣ የእኔ ሥራ ነው። የፈለጋችሁትን ጠይቁ፣ ግን መድኃኒት አላዝም። ካለፈው ሕመም የተረፈ ክኒንም አትዋጡ።

ማር፦ ሁለቱም ጀርም አይደሉ እንዴ? ምንድን ነው ልዩነታቸው?

መልስ፦ ባክቴሪያ ራሱን የቻለ ሴል ነው፤ ይመገባል፣ ያድጋል፣ ለሁለት እየተከፈለ ይባዛል። ቫይረስ ሴል አይደለም። የእኛ ሴል ውስጥ ገብቶ የእኛን መሣሪያ ካልተጠቀመ መባዛት አይችልም። ከአንቲባዮቲኮች ፔኒሲሊን የሚመታው የባክቴሪያን የሴል ግድግዳ ነው፤ አዚትሮማይሲን ደግሞ ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦዞም። ቫይረስ ሁለቱም የሉትም። ስለዚህ አንቲባዮቲክ ለጉንፋን "ትንሽም ቢሆን ይረዳል" የሚሉትን ተዉት፣ ምኑን ሊመታ?

ጎበዝ፦ ንፍጤ አረንጓዴ ሆኗል። ባክቴሪያ ነው አይደል?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ እንደማይቀር አውቅ ነበር። አይደለም! አረንጓዴው የመጣው ከራስህ ነጭ የደም ሴሎች ነው። ኒውትሮፊል የሚባሉት ውስጥ ብረት ያለው አረንጓዴ ኢንዛይም አለ፤ ተሰብስበው ሲሞቱ ንፍጡን ያቀልሙታል። ለቫይረስም ለባክቴሪያም ይሰበሰባሉ። ተራ ጉንፋንም ከጥቂት ቀን በኋላ ንፍጡ ቢወፍርና ቀለሙ ቢለወጥ የተለመደ ነው። ቀለሙን ትተህ አካሄዱን እይ፦ ከ10 ቀን በላይ ምንም ካልተሻለህ፣ ወይም ተሽሎህ እንደገና ከባሰብህ፣ ያኔ ባክቴሪያ ይጠረጠራል። ቫይረስ መንገዱን ከፍቶ ባክቴሪያ ተከትሎ የሚገባበት ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1918 በተነሳው ኢንፍሉዌንዛ ብዙዎቹን የገደለው ቫይረሱን ተከትሎ የመጣ የባክቴሪያ የሳንባ ምች ነው።

ሰላም፦ ትኩሳቴ 39 ነው። የትኛው ነው?

መልስ፦ በትኩሳት ብቻ አይለይም። ሐኪም ይይህ።

የቤት ልጅ፦ እኔ ጉሮሮዬን ባመመኝ ቁጥር አዚትሮማይሲን እውጣለሁ፣ በ3 ቀን ለቀቅ ያደርገኛል። እና አይሠራም ልትለኝ ነው?

ጎበዝ፦ ሳትውጪም ይለቅሽ ነበር እኮ።

የቤት ልጅ፦ አንተ በምን አወቅህ? የራሴን ሰውነት የማውቀው እኔ ነኝ።

ማር፦ ሰውነትሽ መድኃኒቱን ሲላመድስ?

መልስ፦ ቆዩ እስቲ። ማር፣ የሚላመደው ሰውነት አይደለም፣ ባክቴሪያው ነው። የቤት ልጅ፣ በዋጥሽ ቁጥር አንጀትሽ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ይመታሉ፤ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ይተርፉና ይባዛሉ፣ የሚቋቋሙበትንም ጂን ለሌላ ዝርያ ጭምር ያቀብላሉ። ካልቸር ላይ በዓይን ይታያል። ባክቴሪያው በተዘራበት ሳህን ላይ መድኃኒት የነካ ክብ ወረቀት እናስቀምጣለን። መድኃኒቱ ከሠራ ዙሪያው ባዶ ይሆናል። ካልሠራ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ይበቅላል፤ እንዲህ ያለ ሳህን ሳይ እናደዳለሁ። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1945 በኖቤል ንግግሩ ላይ ሰዎች በቂ ያልሆነ መጠን እየወሰዱ ባክቴሪያውን እንዳያላምዱት አስጠንቅቆ ነበር። ወደ ጉሮሮሽ ስንመለስ፣ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ቫይረስ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነ ግን ሳይታከም ሲቀር የልብ ቫልቭ የሚጎዳ የሩማቲክ ትኩሳት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ተመርመሪ እንጂ አትገምቺ።

ሰላም፦ እሺ፣ ሳልም አለኝ። ባክቴሪያ ነው ቫይረስ?

መልስ፦ ስንት ቀን ሆነው? አክታ አለው? ትንፋሽ ያጥርሃል? "ሳል አለኝ" ብቻ ብለህ ምን ልመልስልህ? 2 ሳምንት ካለፈው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አድርግ፤ እሱ ባክቴሪያ ነው።

ልባም፦ ነጭ የደም ሴል ከፍ ካለ ባክቴሪያ ነው ብለውኛል።

መልስ፦ ፍንጭ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ታይፎይድ ባክቴሪያ ሆኖ ሳለ ቁጥሩን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

መንገደኛ፦ ወባስ?

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም፣ ፓራሳይት ነው። ሌላ ርዕስ።

የቤት ልጅ፦ ለቫይረስ መድኃኒት የለም ማለት ነው?

መልስ፦ አለ። ለኸርፐስ አሲክሎቪር፣ ለኤችአይቪ በየቀኑ የሚወሰዱት፤ ሄፓታይተስ ሲ እንዲያውም ታክሞ ይድናል። መጠኑን ፋርማሲስት ጠይቂ።

እናት፦ ለልጄ ካለፈው የተረፈ የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ አለ። ልስጠው?

መልስ፦ አይሆንም! መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ? ደግሞ ዱቄቱ አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ እንደ ዓይነቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ነው የሚቆየው። እሱን ድፊውና ልጁን አሳክሚው።