ልጃችሁን ለኮሌጅ ስፖርት ከመፈረማችሁ በፊት፦ «ለውድድር ብቁ ነው» ማለት «እየተማረ ነው» ማለት አይደለም

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ሲያትል፣ በሃይስኩል ሩጫና በእግር ኳስ ስማቸው የሚጠራ የሐበሻ ልጆች በርክተዋል። የኮሌጅ አሰልጣኝ ቤት ድረስ መጥቶ፣ ቡና ቀምሶ፣ «ልጃችሁን እንፈልገዋለን፣ ስኮላርሺፕም እንሰጠዋለን» ሲል የወላጅ ልብ በደስታ ቢሞላ አይገርምም። ከመፈረማችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ለዩ። የስፖርት ክፍሉ በየሴሚስተሩ የሚጠይቀው «ለውድድር ብቁ ነው ወይ?» ብሎ ነው። «የፈለገውን ሙያ እየተማረ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅለት ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ይህን መጠየቅ የእናንተ ድርሻ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ለዲቪዥን አንድ (ለከፍተኛው የውድድር ደረጃ) 16 ዋና ኮርሶችን ይጠይቃል፦ እንግሊዝኛ 4፣ ሒሳብ ከአልጀብራ አንድ ጀምሮ 3፣ ሳይንስ 2፣ ከነዚህ ከሦስቱ መስኮች አንድ ተጨማሪ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ 2፣ የቀሩት 4 ደግሞ እንደ ውጭ ቋንቋ ያሉ ናቸው። የነዚህ ኮርሶች ጂፒኤ ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት፤ ለዲቪዥን ሁለት 2.2 ይበቃል። ለዲቪዥን አንድ ከ16ቱ 10ሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳይጀመር ማለቅ አለባቸው፤ ከ10ሩም 7ቱ የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብና የሳይንስ መሆን አለባቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተጀመረ በኋላ እነዚያን ደግሞ ወስዶ ውጤት ማሻሻል አይቻልም። ስለዚህ «መጨረሻው ዓመት ላይ ያስተካክላል» የሚለው ተስፋ አይሠራም።

በቅርብ ከአገር ቤት ለመጡ ልጆች ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የኢኤስኤል (እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያስተምር) ክፍል ነው። ልጁ ለሁለት ዓመት ኢኤስኤል ወስዶ ጥሩ ውጤት ቢያመጣም፣ ብዙውን ጊዜ ከ4ቱ የእንግሊዝኛ ኮርሶች አይቆጠርለትም። እያንዳንዱ ሃይስኩል በኤንሲኤኤ የጸደቀ የኮርስ ዝርዝር አለው፤ የልጁን ትራንስክሪፕት ከዝርዝሩ ጋር መስመር በመስመር ከካውንስለሩ ጋር አመሳክሩ። ያመለጠ ክሬዲትን በኢንተርኔት ለማካካስ የሚወሰዱ ኮርሶችም ብዙዎቹ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው፦ 16ቱን ኮርሶች ለመጨረስ የሚሰጠው የአራት ዓመት ቆጠራ የሚጀምረው ልጁ መጀመሪያ ዘጠነኛ ክፍል ከገባበት ቀን ነው። አዲስ አበባ ዘጠነኛን ጨርሶ መጥቶ እዚህ እንደገና ዘጠነኛ ቢመደብ፣ ቆጠራው የጀመረው አዲስ አበባ ነው።

የዕድሜ ነገርም አለ። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ዓመት ሳይለወጥ ወደ ፈረንጅ ሰነድ ከገባ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል፤ የክትባት ካርድ አንድ ነገር፣ ፓስፖርት ሌላ ነገር ይላል። ይህ የአጻጻፍ ስህተት ነው፤ የልደት ሰርተፊኬትና የትምህርት ማስረጃ አቅርቦ ማሳረም ይቻላል። «ለስፖርቱ ይጠቅመዋል» ብሎ ዕድሜ መቀነስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ትራንስክሪፕቱ፣ የስደት ፋይሉና የውድድር መዝገቡ አንድ ቀን ይገናኛሉ፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው ስኮላርሺፑ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። «ስኮላርሺፕ» ሲባል ብዙ ወላጅ ሙሉ ወጪ የተሸፈነ ይመስለዋል። በክሮስካንትሪ፣ በትራክና በእግር ኳስ አብዛኛው ከፊል ነው። አሰልጣኙ «40 በመቶ» ካለ፣ የምኑ 40 በመቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ የትምህርት ክፍያው ብቻ ወይስ የመኝታና የምግቡም? ዓመታዊ ወጪው 60 ሺህ ዶላር ቢሆን 40 በመቶ 24 ሺህ ነው፤ 36 ሺህ ይቀራል። ፋፍሳ (የፌደራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) በጊዜ ከተሞላ የፔል ግራንት (የማይመለስ የመንግሥት እርዳታ፤ በ2025–26 ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው) ሊጨመርበት ይችላል። ዲቪዥን ሦስትና የአይቪ ሊግ ኮሌጆች ለስፖርት ብለው ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ ሆኖም በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ ገቢ የሚሰጡት እርዳታ ከዲቪዥን አንድ ከፊል ስኮላርሺፕ የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ ያም ገንዘብ በጉልበት ጉዳት አይቋረጥም። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ለመኝታና ለምግብ የሚውለው የስኮላርሺፕ ክፍል ታክስ ይቆጠርበታል።

ከሐምሌ 2025 ጀምሮ፣ የሀውስ ስምምነት የሚባለውን የፍርድ ቤት ውሳኔ በተቀበሉ ኮሌጆች የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደብ ተነሥቶ የቡድን አባላት ቁጥር ተገድቧል፤ ክሮስካንትሪ 17፣ እግር ኳስ 28 ሰው። ቀድሞ ያለ ስኮላርሺፕ ከቡድኑ ጋር እየሠራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ልጅ ቦታ ነበረው፤ አሁን ወንበሩ ጠቧል። ስለዚህ አሰልጣኙን «ልጄ ከ17ቱ አንዱ ነው ወይ? ቢጎዳስ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የቃል ተስፋ አሰልጣኙ ሥራ በቀየረ ማግስት ይጠፋል። በደንቡ መሠረት ስኮላርሺፑ በተፈረመበት ዘመን ውስጥ የስፖርት ውጤቱ ስለወረደ ወይም ልጁ ስለተጎዳ አይቀነስም። ዘመኑ አንድ ዓመት ብቻ ከሆነ ግን ሲያልቅ አለማደስ ይቻላል። የሚታደስ መሆኑና አለመሆኑ እስከ ሐምሌ 1 በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል፤ ከተከለከለም ይግባኝ የማለት መብት አለው። ብዙ ልጆች ይህን ስለማያውቁ ዝም ብለው ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ዋናው። ደንቡ በውድድር ወቅት ልምምድ በሳምንት ከ20 ሰዓት፣ በቀን ከ4 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ አንድ ቀንም እረፍት እንዲሆን ያዛል። አንድ የውድድር ቀን ግን እንደ 3 ሰዓት ብቻ ይቆጠራል፤ የጉዞ ሰዓት ጭራሽ አይቆጠርም። ሐሙስ ከሰዓት በአውቶቡስ ተነሥቶ፣ ዓርብ ሮጦ፣ ቅዳሜ ሌሊት የተመለሰ ልጅ በወረቀት 3 ሰዓት ሠራ ይባላል። ከጠዋት ሩጫ በፊት የፊዚዮቴራፒ ተራ መጠበቁም፣ «በፈቃደኝነት» የሚባለው ልምምድም ከወረቀቱ ውጭ ነው። ለዚህ የሚሠራው መላ ቀላል ነው፦ የቤተ ሙከራ (ላብ) ክፍለ ጊዜ ያላቸውን ኮርሶች ሰኞና ማክሰኞ ላይ ማድረግ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የእያንዳንዱን ኮርስ ሲላበስ ከውድድር መርሐ ግብሩ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ የሚቀርባቸውን ቀናት ለፕሮፌሰሩ ወዲያው ማሳወቅ። ፈተናው ሲቃረብ የተነገረው ፕሮፌሰር የመርዳት ፍላጎት አይኖረውም።

ከዚያ የዲቪዥን አንድ የ40፣ 60፣ 80 ሕግ ይመጣል። ልጁ ሁለተኛ ዓመትን ሲጨርስ ለዲግሪው ከሚያስፈልገው 40 በመቶውን፣ በሦስተኛው 60፣ በአራተኛው 80 በመቶውን መጨረስ አለበት። ዲግሪው 120 ክሬዲት ከሆነ 48፣ 72፣ 96 ማለት ነው። ቁልፉ «ለዲግሪው» የሚለው ቃል ነው። ልጁ ኢንጂነሪንግ ጀምሮ ካልኩለስ ቢወድቅ፣ ወይም ከነርሲንግ ወደ ሌላ ቢዛወር፣ የወሰዳቸው ኮርሶች ለአዲሱ ዲግሪ ላይቆጠሩ ይችላሉ፤ በክሬዲት ብዛት ሞልቶ በመቶኛው ይጎድላል። ያን ጊዜ የስፖርት ክፍሉ አድቫይዘር የሚያቀርበው መፍትሔ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «የያዝካቸው ክሬዲቶች ሁሉ የሚገቡበት ሜጀር አለ፣ ወደዚያ ተዛወር።» ልጁ ቅዳሜ ይሮጣል። ነርስ የመሆን ሕልሙ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለቀ። ማንም ደንብ አልጣሰም፤ ለዚህ ነው ወላጅ ቀድሞ ማወቅ ያለበት። መድኃኒቱ ከስፖርት ክፍሉ ውጭ፣ በሜጀሩ ዲፓርትመንት ውስጥ ያለ አድቫይዘር በየሴሚስተሩ የዲግሪ ኦዲቱን (ለዲግሪው የተሟላውንና የቀረውን ኮርስ የሚያሳየውን ዝርዝር) እንዲያይ ማድረግ ነው።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ኮርሱ ራሱ ባዶ ሲሆን ነው። በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ፣ ቻፕል ሂል፣ ከ1993 እስከ 2011 ክፍል የማይገባባቸው፣ ፕሮፌሰር የማያስተምራቸው፣ አንድ ጽሑፍ ብቻ የሚጠየቅባቸው ኮርሶች ነበሩ። በ2014 የወጣው የምርመራ ዘገባ ከ3,100 በላይ ተማሪዎች እንደወሰዷቸው አስፍሯል፤ ግማሽ ያህሉ አትሌቶች ነበሩ። ብዙውን ወረቀት ታርም የነበረችው የቢሮ ሠራተኛ ናት። ኤንሲኤኤ በ2017 ውሳኔ ሲሰጥ፣ ኮርሶቹ ለማንኛውም ተማሪ ክፍት ስለነበሩ ዩኒቨርሲቲውን በዚያ አልቀጣውም። ዋንጫዎቹም አልተነጠቁትም፤ ያልተማሩት ልጆች ግን ያልተማሩትን ይዘው ወጡ። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1990ዎቹ አንዲት ሠራተኛ ለቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች የቤት ሥራ ትጽፍ እንደነበር ተጋልጦ፣ ቡድኑ በ1997 ለመጨረሻው አራት የደረሰበት ውጤት ከመዝገብ ተሰረዘ።

ልጃችሁ በዚህ ውስጥ የሚገባው በክፋት አይደለም። ሌሊት 7 ሰዓት ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ጠዋት 2 ሰዓት የሚረከብ ጽሑፍ ሲጠብቀው፣ «እኔ ላስተካክልልህ» የሚል ቲውተር ሲያገኝ ነው። መስመሩን ከመሄዱ በፊት አስምሩለት፦ ቲውተር ይጠይቃል፣ ያብራራል፣ ስህተቱን ያሳያል፤ ኪቦርዱን ግን አይነካም። በኤአይ የተጻፈም እንደዚያው ነው። ጽሑፉን የለውጥ ታሪክ በሚያስቀምጥ ፋይል ላይ ይጻፍ፤ ያለ አግባብ ቢጠረጠር ማስረጃው በእጁ ይሆናል። ማታ ማራዘሚያ ጠይቆ ለፕሮፌሰሩ ኢሜይል መላክ፣ ቢበዛ ከኮርሱ ጥቂት ነጥብ ያስቀንስ ይሆናል፤ የተያዘ ኩረጃ ግን ትራንስክሪፕት ላይ ሊቀር ይችላል።

ኮሌጁን ለመጎብኘት ስትሄዱ ስታዲየሙን ብቻ አትዩ። የቡድኑን የአባላት ዝርዝር ከድረ ገጹ ላይ አውጡ፤ ሜጀር የተጻፈ ከሆነ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመቶቹን ተመልከቱ። አብዛኞቹ አንድ ሜጀር ውስጥ ከተከማቹ፣ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ኤንሲኤኤ የየቡድኑን የምረቃ መጠንና ኤፒአር የሚባለውን የቡድኑን የትምህርት ሂደት ነጥብ ለሕዝብ ያወጣል፤ ከ1,000 ነው የሚታሰበው፣ ከ930 በታች የሆነ ቡድን ከፍጻሜ ውድድር ሊታገድ ይችላል። በ2013 የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን በዚሁ ታግዶ ነበር። አሰልጣኙን ደግሞ እንዲህ በሉት፦ «ባለፉት አራት ዓመታት ከቡድንህ በነርሲንግ ወይም በኢንጂነሪንግ ስንት ልጅ ተመረቀ? የኬሚስትሪ ላብ ከልምምድ ጋር ቢጋጭ የትኛው ይቀራል? አምስተኛ ዓመት ቢያስፈልግ ማን ይከፍላል?» ጥሩ አሰልጣኝ በዚህ አይከፋም፤ ልጆቹን በስም እየጠራ ይመልስላችኋል።

ሁለቱን አስማምቶ መሄድ ይቻላል። በኬንታኪ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ያሬድ ንጉሤ በኖተር ዴም ባዮኬሚስትሪ እያጠና በ2019 የኤንሲኤኤ የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ ነሐስ አገኘ።

ቡድን መቀየርን በተመለከተ፦ ልጁ ስሙን ትራንስፈር ፖርታል (ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ አትሌቶች የሚመዘገቡበት መዝገብ) ውስጥ ካስገባ የነበረበት ኮሌጅ ስኮላርሺፑን በሴሚስተሩ መጨረሻ ሊያቋርጥ ይችላል። ስለዚህ የሚቀበለው ኮሌጅ ስንቱን ክሬዲት ለየትኛው ዲግሪ እንደሚቆጥርለት ሳያጣራ ስሙን አያስገባ፤ 40፣ 60፣ 80 እዚያም ይጠብቀዋል።

በመጨረሻ ትንሽ የሚመስል፣ ብዙ ወላጅ የሚያመልጠው ወረቀት አለ። ልጁ ኮሌጅ ሲገባ፣ ፌርፓ በተባለው ሕግ መሠረት ወላጅ ያለ እሱ ፈቃድ ውጤቱን የማየት መብት የለውም። የስፖርት ክፍሉ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ልጁን አስፈርሞ ውጤቱን በየጊዜው ያያል። በዚያው ሳምንት ከሬጅስትራር የወላጅ ፈቃድ ቅጹን ወስዶ የእናንተንም ስም እንዲያስገባ ጠይቁት፤ ለቁጥጥር እንዳልሆነ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ 48ቱ ክሬዲት መሙላቱን አብራችሁ ለማየት እንደሆነ አስረዱት።